ዶማ የያዘው ሰውዬ

ፊልሙ ሲያልቅ የምሥራች ብቻ አላጨበጨበችም። መስኮቶቹ ላይ የተሰቀለው ብርድ ልብስ ተገፍፎ አዳራሹ ሲበራም የትምህርት ቤቱ የኪነት ክበብ ልጆች ሳቃቸውን አላቆሙም። የሳቁት በዚያ ዶማ በያዘው እስረኛ ነበር። ካሜራው ፊት ቆሞ «ቡና ሳሸሽ ተያዝኩ፤ አሁን ተምሬአለሁ» ሲል አማርኛው ቤንችኛ ቤንችኛ ይላል። «ምን ዓይነት ፋራ ነው!» አለ ሙሴ የሚባለው። እሱ ራሱ ቤቱ ሲገባ ከእናቱ ጋር ቤንችኛ እንደሚያወራ ማን ባስታወሰው!

የምሥራች ሰውየውን ታውቀዋለች። ጋሽ ማቴዎስ ነው፤ ጎረቤቷ፣ የጓደኛዋ የሎሚ አባት።

ስለ ወንጀልና ስለ ወህኒ ቤት የተሠራውን ይህን ዘጋቢ ፊልም ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር ያመጡት ሰዎች፣ በማግስቱ ለመላው ተማሪ ሊያሳዩት ነው። የክበቡ ኃላፊ መምህር በላይነህ አንደበቷ የተፈታ ነው ብለው የምሥራችን መረጡ። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል መድረክ ላይ ወጥታ፣ ፊልሙ ለምን መታየት እንዳለበት ትናገራለች።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃታት። ጓሮ ገባች፣ ወጣች። ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ጄሪካኑን ምንጭ ላይ ረስታው መጣች። አባቷ ታፈሰ ከእርሻ ሲመለስ ግን አላስችል አላትና ሁሉንም ነገረችው።

ነገሩን ከሷ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ጋሽ ማቴዎስ የተያዘ ጊዜ፣ ሸኮ ይኖሩ የነበሩት አያቷ ሞተው ነው። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ለቀስተኛ የሚጠጣውን ቡና ይዞ መሄድ የጎረቤት ወግ ነው። ጋሽ ማቴዎስ ከገዛ ጓሮው የለቀመውን አንድ ጆንያ ቡና ተሸክሞ ለቅሶ የሚሄዱትን እነታፈሰን ሲከተል ኬላ ላይ ያዙት። ቡና ለማሳለፍ ፈቃድ የለህም፣ አሻጥረኛ ነህ አሉት። ለለቅሶ ደግሞ ማን ፈቃድ አውጥቶ ያውቃል! አባቷ ግን ሄዶ አልመሰከረለትም። ፈራ። የእስረኛ ምስክር ራሱ እስረኛ የሚሆንበት ዘመን ነበር።

«ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ። የባሰ አታምጪብን» አላት። እራቱንም ሳይነካው ተነሣ። የምሥራች አዘነችለት፤ ተናደደችበትም።

ሲነጋ ቆርጣ ወጣች፦ ፊልሙ አይረባም፣ አትዩት ልትል ነው። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ግን ሎሚ እየሮጠች መጥታ ክንዷን ያዘቻት።

«አባቴ አለበት አሉ። እውነት ነው?»

«አለበት።»

«ከስቷል?»

«ትንሽ።»

ሎሚ እንባዋ መጣ፤ ግን ፈገግ አለች። አባቷን ከታሰረ ጀምሮ አላየችውም፤ ወህኒ ቤቱ ሩቅ ነው፣ እናቷም አቅም የላትም። ዛሬ ላየው ነው እያለች ወደ ሰልፉ በረረች።

የምሥራች የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። አትዩት ብትል ሎሚን አባቷን መንፈግ ነው። እዩት ብላ ዝም ብትል ደግሞ ልጅቱ መሀል ተቀምጣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በአባቷ ሊስቅ ነው። ይህን ስታወጣ ስታወርድ ባንዲራው ተሰቀለ። ስሟ ተጠራ።

«ፊልሙን እዩት» አለች። መምህር በላይነህ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዶማ የያዘ ሰውዬ ታያላችሁ። ጋሽ ማቴዎስ ነው። ቡናውን ይዞ ሸኮ ይሄድ የነበረው ለአያቴ ለቅሶ ነው። እሱ ሲናገር የሚስቅ ሰው፣ በእኛ ለቅሶ ላይ ሳቀ ማለት ነው።»

መምህር በላይነህ በሩ ላይ ወደቆመው ላንድሮቨር አዩ፣ ወደሷ አዩ፤ ከዚያ አቀረቀሩ።

የምሥራች ከመድረኩ ወረደች። የክበቡ ልጆች ወደቆሙበት አልተመለሰችም፤ ሎሚ አጠገብ ሄዳ ተሰለፈች።