የርቢ በጎች

«አየሽ? ጨዋታሽ አለ፤ የትም አልሄደም» አለ አትናቴዎስ፣ ማውሱን ለቀቅ አድርጎ።

ፀደንያ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየችው። ጨዋታውስ አለ። ሙዚቃው ያው ነው፣ ሰማዩም ያው ነው። ሜዳው ላይ ግን አንዲት በግ የለችም። በረት የለም፣ አጥር የለም። አዲስ እርሻ ጀምሪ የሚል ጽሑፍ ብቻ መሐል ላይ ብልጭ ድርግም ይላል።

«በጎቹስ?»

«የምን በጎች?»

«የኔና የቴዎ ናቸዋ!»

«እህ፣ ከዜሮ ጀምሪያ። ምን ችግር አለው?»

አትናቴዎስ ዲያቆን ነው፤ የወንድሟ የቴዎፍሎስ የልብ ጓደኛ። መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የማን ኮምፒውተር ተበላሸ ቢባል የሚጠራው እሱ ነው። ዛሬ የመጣው ግን አደራ ይዞ ነው። ባለፈው ሳምንት ከራቤል ወዲያ ቆላ ውስጥ እስካለው ገዳም ወርዶ ቴዎፍሎስን አይቶት ተመልሷል። ቴዎፍሎስ ከቤት ከወጣ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። አመክሮውን ሊጨርስ ነው፤ በቅርቡ ይመነኩሳል። ስሙም ይለወጣል። የመነኩሴ ሥርዓት ነውና በቁሙ ፍትሐት ይነበብበታል፤ ለዓለም ሞቷል ማለት ነው። እናታቸው ውባየሁ ይህን ከሰማች ወዲህ አንዴ ትኮራለች፣ አንዴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

የላከው መልእክት አጭር ነበር። «ኮምፒውተሩ ለፀደንያ ለትምህርቷ ይሁን። በሷ ስም አዲስ አካውንት ክፈትላት። በኔ ስም ያለውን ሁሉ አጥፋው፤ ጨዋታውንም።»

ኮምፒውተሩን መስጠቱስ ደግ ነው። የፀደንያን ሆድ ያባባው የመጨረሻዋ ቃል ናት። ጨዋታውንም።

ጨዋታው ለሁለት ሰው ነው። አንዱን ኪቦርድ ተካፍለው ነበር የሚጫወቱት፤ እሱ በቀኝ በኩል ባሉት ቀስቶች፣ እሷ በግራ በኩል ባሉት ፊደሎች። ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ አንድ ባና ለብሰው። ብርዱ እንደሆነ የመንዝ ብርድ ነው፣ ያለ ባና አይቻልም። ሲጀምሩ እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል። ቴዎፍሎስ ሲሄድ የሱ ሰውዬ፣ ባለ ቀይ ኮፍያው፣ በረቱ በር ላይ እንደቆመ ቀረ። ዝናብ ይዘንብበታል፣ ፀሐይ ይወጣበታል፤ ንቅንቅ አይልም። እሷም በጎቹን ስታስገባ ዞራው ታልፋለች።

አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ በተለይ የክፍሏ ልጆች እነ ኮከቤ «ወንድምሽ የመነነው የየትኛዋ ሴት ፎንቃ ይዞት ነው?» ብለው የሳቁባት ቀን፣ ግራ እጇን ፊደሎቹ ላይ፣ ቀኝ እጇን ቀስቶቹ ላይ ታደርግና ሁለቱንም ራሷ ታስሄዳቸዋለች። ጎን ለጎን፣ እስከ ወንዙ። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ምን ብላ ትናገረው?

«በጎቹ ያሉት ጨዋታው ውስጥ አይደለም» አለችው አትናቴዎስን። «በቴዎ ስም ሥር ነው። ተደብቆ የሚቀመጥ ፎልደር አለ፤ አንዴ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ አሳይቶኛል። እሱን ኮፒ አርገህ ወደኔ አሻግረው። አካውንቱን ካጠፋኸው አለቀላቸው።»

«አውቃለሁ» አለ አትናቴዎስ።

«ታውቃለህ?»

«አጥፋ ነው የተባልኩት እኮ፣ ፀዱ። አሻግር አልተባልኩም። አደራ ነው። የመነነ ሰው ኋላውን አያይም። አንዲት ነገር ብትቀርለት ልቡ እዚያ ይቀራል።»

«ቢቀርስ? እዚህ ቢቀር ምን አለበት?»

ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ጓዳ ውስጥ ሲንኳኳ የነበረው ዕቃ ጸጥ አለ፤ እናቷ እየሰማች ነው።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ አትናቴዎስ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «በይ ልጨርስ፣ መብራት ሳይሄድ።»

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲሄድ አብሮ ነው የሚሄደው። አትናቴዎስ የቴዎፍሎስን ስም ነካ። አካውንቱን ከነፋይሉ ላጥፋው ወይ የሚል ጥያቄ ወጣ። ፀደንያ የማውሱን ገመድ ይዛ መንጭቃ ነቀለችው።

«አንቺ! አበድሽ እንዴ?»

«በጎቹ የርቢ ናቸው።»

«ምን?»

«ርቢ ነው የሰጠኝ! የመጀመሪያ ቀን ሦስት እናት በጎች ነበሩት። ‹ርቢ ሰጥቼሻለሁ፤ እናቶቹ የኔ፣ የሚወለደው እኩል› አለኝ። ያረባኋቸው እኔ ነኝ። እሱ መጽሐፉን ሲያነብ ሣር የማበላው እኔ፣ ከተኩላ የምጠብቀው እኔ። እናትህ በጋቸውን ርቢ ሰጥተው፣ ሲመነኩሱ ‹የተወለደውን ሁሉ ገደል ጨምሩት› ቢሉ፣ ያረባው ሰው እሺ ይላል?»

አትናቴዎስ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከፍቶ ቀረ። እናቱ እውነትም ገጠር፣ ቀየት ላይ ወዳጆ ለሚባል ገበሬ በግ በርቢ ሰጥታለች።

«ወዳጆማ ሽማግሌ ይሰበስብብናል» አለ።

«እንግዲያው!»

አትናቴዎስ ራሱን አከከ። «እሺ፣ ግማሹ ያንቺ ነው እንበል። ፋይሉ ግን አንድ ነው። እንደ በግ ግማሹን ነድቼ ግማሹን አላስቀረው።»

«አንተ ብቻ አሻግረው። ማካፈሉን እኔ አውቅበታለሁ። የሱን ድርሻ እንዳለው አስወጣለሁ።»

«ባታስወጪስ? ማን ያይሻል?»

«ማንም።»

ትክ ብሎ አያት። ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «አምጪ ገመዱን።»

ፎልደሩ መሻገር ጀመረ። አረንጓዴዋ መስመር እንደ ኤሊ ተጎተተች። አምፖሉ ሁለት ጊዜ ደብዘዝ ሲል ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ደረሰ። ከዚያ አትናቴዎስ አደራውን ፈጸመ። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲከፈት የቴዎፍሎስ ስም የለም፤ «ፀደንያ» የሚል ብቻ ወጣ። ስሟ እንዲህ ብቻውን ቆሞ አይታው አታውቅም።

እናቷ አትናቴዎስን ልትሸኝ ወጣች። «ከስቷል ወይ?» ስትለው ፀደንያ ከውስጥ ሰማች። ዛሬ ብቻ ሦስተኛዋ ነው።

«ደህና ነው አልኩዎት እኮ፣ እትዬ።»

ፀደንያ ባናዋን ሳብ አድርጋ ጨዋታውን ከፈተች። ሁሉም አሉ። ሦስቱ እናቶች አሉ፤ ከነሱ የተወለዱት አርባ አንድ ናቸው። ባለ ቀይ ኮፍያውም በሩ ላይ ቆሟል።

ባታካፍልስ? አትናቴዎስ ተመልሶ አይጠይቃትም። ቴዎ ስልክ የለው፣ ነገ ከነገ ወዲያ ስሙም ሌላ ነው፣ በምን ያውቃል? ሰውዬው እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክትጨርስ እዚያው በር ላይ ቢቆም ማንን ይጎዳል? ቀኝ እጇን ቀስቶቹ ላይ አሳረፈች። ተንቀሳቀሰ። ወደ ግራ አለችው፣ ወደ ግራ ሄደ። ወደ ቀኝ አለችው፣ ወደ ቀኝ። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ የሄደው እሷ ስታስሄደው ነው። ቴዎ ግን አልመጣም።

የበረቱን በር ከፈተች።

ለሱ የከሳ የከሳውን አልመረጠችም። አባቷ የርቢ በግ ሲያካፍሉ እንዳየችው፣ ትልቅን ከትልቅ፣ ግልገልን ከግልገል እያስተያየች፣ አንዱን ለሱ፣ አንዱን ለሷ ለየች። ሃያ ለሱ፣ ሃያ ለሷ። እናቶቹ ሦስቱም የሱ ናቸው። ፊቷ ጥቁር የሆነ አንዲት ግልገል ተረፈች። ርቢ ደግሞ ለትርፍ ሕግ አለው። ጎዶሎዋን ማንም ለብቻው አይወስዳትም፤ ሌላ እስኪወለድ ካረባው ሰው ዘንድ ትቆያለች፣ ለከርሞ ይካፈሏታል። እስከዚያ የሁለቱም ናት፤ በረቱ በር ላይ ለብቻዋ አቆመቻት።

ባለ ቀይ ኮፍያው ቃጭሉን አቃጨለ። ሃያ ሦስቱ በጎች ተከተሉት። ፀደንያ በቀኝ እጇ ቀስ እያደረገች ነዳችው፤ ወንዙን ተሻገረ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ ደረሰ። እዚያ ጨዋታው ጠየቃት። ከወጣ አይመለስም፤ ይውጣ ወይ?

አዎ አለች።

የመጨረሻዋ በግ ጅራት እስክትጠፋ አየች። ከዚያ ቀኝ እጇን ከቀስቶቹ አንስታ ባናው ውስጥ ከተተች፣ በግራዋ ብቻ በሩን ዘጋች።

እናቷ መጥታ ከኋላዋ ቆመች። ኮምፒውተር ባታውቅም በግ ታውቃለች።

«አጠፋው?» አለች።

«የቴዎን አዎ።»

እናቷ ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። «ያቺ ጠቋራዋስ? ከነዚህ ተለይታ በር ላይ ምን ትሠራለች?»

«እሷ አልተካፈለችም» አለች ፀደንያ። «ለከርሞ ናት።»

እናቷ ነጠላዋን ወደ አፏ ልታነሳ ብላ ተወችው፤ ወንበሩን ስባ፣ ቴዎፍሎስ በሚቀመጥበት በኩል ተቀመጠች።