የግራው መጋረጃ

በሟቿ ራስ ሥር ትራስ ነበር። ኢንስፔክተር ኖራ ብሪግስ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው እሱን ነው።

ሐኪሙ እንዳለው፣ የሰማንያ ሁለት ዓመቷ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ሎማክስ ማክሰኞ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ወጥ ቤት ውስጥ ከበርጩማ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። የሞቱት ግን ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውላ ያሳወቀችው ሰኞና ሐሙስ እየመጣች የምትረዳቸው ጄማ ነበረች። መቼም ትራስ ይዞ የሚወድቅ ሰው የለም። አንድ ሰው በሕይወት አግኝቷቸው፣ አመቻችቶ አስተኝቷቸው፣ ጥሏቸው ሄዷል። አጠገባቸው በእርጥብ ጨርቅ የተወለወሉ የሕፃን ቀይ ቦቶች ነበሩ። በቤቱ ሕፃን የለም።

ቤቱ ያለበት ቾርልተን የማንቸስተር ሰው ሁሉ የሚመኘው ሰፈር ነው። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው የሰፈሩን ልጆች ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ለመኖር የማይደረግ ነገር የለም።

«ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ጣሪያዬን ሲቀጠቅጡ ዋሉ» አለ ጎረቤቱ ክላይቭ። «ቢጮሁም አልሰማም ነበር። ግን አንድ ሰዓት ላይ ዝግ የነበረው መጋረጃ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ተከፍቶ ሳይ ደህና አድረዋል ብዬ ሄድኩ። ምልክታችን ነው። ካልተከፈተ በሩን ሰብረን እንገባለን።»

«ሁለቱም ወገን ተከፍቶ ነበር?»

«ኧረ የግራው ብቻ! ቀኙን ለፒያኖው ሲሉ አይነኩትም፤ ፀሐይ ያነጣዋል ብለው። ማንቸስተር ውስጥ ፀሐይ! ስንስቅባቸው ኖርን።»

«ቁልፍ አለዎት?»

«ስንቴ ጠየቅኳቸው! ‹ቤቴ ባቡር ጣቢያ አይደለም› ይሉኛል።»

ከጄማ ሌላ ቁልፍ የነበረው የወንድማቸው ልጅ ሃዋርድ ነው።

«አክስትዎ መጋረጃቸውን እንዴት ነበር የሚከፍቱት?»

«እንዴት ነው ደግሞ? እንደ ሰው ነዋ፣ ወዲህና ወዲያ!»

«ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት መቼ ነው?»

«ለገና» አለና አቀረቀረ።

ኖራ ነገርን ከሥሩ የምትል ሴት ናት። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ፒያኖው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጄማ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ዳሌው የተሰበረ ሰው ተነስቶ መጋረጃ አይከፍትም» አለች ኖራ። «የከፈተው ሌላ ሰው ነው፣ ጎረቤት እንዳይመጣ። አቶ ክላይቭ ልማዱን ያውቃሉ፤ ቁልፍ የላቸውም። አቶ ሃዋርድ ቁልፍ አላቸው፤ ልማዱን አያውቁም። ሁለቱም ያለሽ አንቺ ነሽ፣ ጄማ።»

«እኔማ ማክሰኞ ጠዋት አልመጣም...»

«በራፉ ላይ ወረቀት አግኝቻለሁ። ‹ለሮዚ ወላጅ፤ ከትምህርት ቤቱ አድራሻ ላጣራ ስምንት ሰዓት መጥቼ አጣኋችሁ› ይላል። ሮዚ የማን ልጅ ናት?»

ጄማ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«የኔ። አሁን ያለችበት ትምህርት ቤት ልጆቹ በየቀኑ ይደበድቧታል። እዚህ እንድትገባልኝ የእማማን አድራሻ ሰጠሁ። ሰኞ ስነግራቸው፣ ‹በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽም› አሉኝ። በነጋታው ልለምናቸው ስመጣ ወድቀው አገኘኋቸው። አምቡላንስ ከጠራሁ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል። ሰውየው ሲመጣ ‹ኧረ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት› ይሉታል። እስኪሄድ ብቻ ብዬ ነው! ‹መጣሁ እማማ› አልኳቸው። ‹እሺ የኔ ልጅ፣ አትቆዪ› አሉኝ።»

ክላይቭ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ቦቶቹንስ አላየሽም?» አለች ኖራ።

«አየሁ። ለእርዳታ ሱቅ ሊሰጧቸው ያወረዱ መስሎኝ...»

«የኔ ነበሩ» አለ ሃዋርድ ቀስ ብሎ። «ልጅ ሆኜ እዚህ ስመጣ የማደርጋቸው።»

ኖራ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ያወረደችውን የቀን መቁጠሪያ ጄማ ጉልበት ላይ አኖረችው። በማክሰኞ ሥር፣ በወይዘሮ ዊኒፍሬድ የእጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ስምንት ሰዓት፣ ሰውየው። የሮዚ ቦት በር ላይ ይቀመጥ።»

ጄማ ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«ሮዚ ዘጠኝ ተኩል ላይ ትወጣለች» አለች። «ማን ይቀበላታል?»