ከቢሮው በረንዳ የቀረው ቦቲ

በሌሎች ድካም የሚከብር፣ ያን ድካም ግን ጠጋ ብሎ ማየት የሚጸየፍ ሰው፣ ለማወቅ ያልፈለገው ነገር አንድ ቀን ይመሰክርበታል። በመቱ ከተማ የደረሰው ነገር ይህንኑ ያረጋግጣል።

በሐምሌ ወር፣ እሑድ ማለዳ፣ የሴና አስከሬን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ድልድይ ሥር በድንጋያማው ወንዝ ዳር ተገኘ። በድልድዩ ላይ አንድ ጥንድ ጥቁር የጎማ ቦቲ ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበር። ሴና ወጣት ተመራማሪ ነበረች። «ነፃ አእምሮ» የተባለው ፈንድ ለወጣት ሳይንቲስቶች የአእምሮ ጤና ጥናት ገንዘብ ይሰጥ ስለነበር፣ እሷም በዚያ ገንዘብ በኖፓ ገጠሮች በየቤቱ በሰንሰለት የሚታሰሩ ሕሙማንን ታጠና ነበር። ከተማው ለመፍረድ አልዘገየም። «የእብድ ነገር ስታገላብጥ እሷንም ለከፋት» ተባለ።

ከሁሉ የከፋው የደብሩ አስተዳዳሪ ቃል ነበር። ራሷን ያጠፋች ከሆነ ፍትሐት እንደማይደረግላት ለእናቷ ለእትዬ ተጂቱ ነገሯቸው። የፖሊስ ቃል እስኪመጣ ድረስ አስከሬኑ በሆስፒታል ቆየ።

ነገሩን እንድታጣራ የታዘዘችው ኢንስፔክተር መስቱራ ነበረች። የጎሬ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጥቂት ትናገራለች፣ ብዙ ታያለች። እትዬ ተጂቱን ያገኘቻቸው በሆስፒታሉ አጥር አጠገብ ቆመው ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ራሷን አልገደለችም» አሉ። «ቅዳሜ ጧት ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ሰኞ የፈንዱ እንግዶች ፊት እናገራለሁ፤ ሰማያዊውን ቀሚስ ተኩሺልኝ› አለችኝ። ልትሞት ያሰበች ሰው ቀሚስ ታስተኩሳለች?»

«አታስተኩስም፣ እትዬ። ግን ቀሚስ ብቻ ይዤ ደብሩ ብሄድ ማን ይሰማኛል? ይልቅ እዚህች ድንጋይ ላይ አረፍ ይበሉ።»

«አልቀመጥም። ልጄ እንደ ሰው እስክትቀበር እቆማለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ሐኪሙ የሴና ራስ ላይ ያለው ቁስል ከወንዙ ድንጋይም ከሰው እጅም ሊሆን ይችላል አለ። መስቱራ ቦቲውን አንሥታ ገለበጠችው። ከከተማው እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ እግር የሚይዝ ቀይ ጭቃ ነው። በቦቲው ሶል ጥርሶች መካከል የደረቀው ግን የጫካ ጥቁር አፈርና የቅጠል ስብርባሪ ነበር። ከአፉ ጠርዝ በተበሳች ቀዳዳ አረንጓዴ ክር ታስሯል። እሑድም ቢሆን ሠራተኞቹ ለሐዘኑ ወደተሰበሰቡበት፣ ሴና ትሠራበት ወደነበረው የፈንዱ ፕሮጀክት ቢሮ ሄደች።

በቢሮው ክረምት ከገባ ወዲህ ቦቲ አድርጎ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ አልነበረም። ሠራተኛው ቦቲውን በረንዳ ላይ አውልቆ በነጠላ ጫማ ይገባል። ከጣሪያው ጠፈፍ ሥር ከሌሎቹ ለየት ብሎ አንድ ጥንድ ጥቁር ቦቲ ቆሟል፤ ቀይ ክር ታስሮበታል። በግቢው የቆመችው የፕሮጀክቱ መኪና ከሱቅ እንደወጣች ታበራለች።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ዶክተር ጅራታ በሚያብረቀርቅ የቆዳ ጫማ ተቀበላት። ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ፣ የተበጠሰ ሰንሰለት በእጁ ይዞ የሚስቅ ሰው ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ኦሊ ነፃ ወጣ» ይላል።

«ሴና ብርቱ ልጅ ነበረች» አለ። «ግን ትካዜ ይጫናት ነበር። እኔ የአእምሮ ሐኪም ነኝ፤ ምልክቱን አውቃለሁ። ቀድሜ አለመርዳቴ ይቆጨኛል።»

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እቤቴ።»

«መኪናዎ ንጹሕ ናት።»

«ንጽሕና እወዳለሁ።»

«በሐምሌ? በመቱ?»

«በሐምሌም ቢሆን» አለና ፈገግ አለ።

ቀጥሎ የገባው ኢርሻድ የሴና የሥራ ባልደረባ ነው።

«ከሴና ጋር ተኳርፋችሁ ነበር ይባላል» አለችው።

«ለፈንዱ ተወዳደርን፤ እሷ አለፈች። አኮረፍኳት። እሷ ግን መጥታ ከምሳ ዕቃዬ መብላት ጀመረች። ምሳህን እየበላ ከሚስቅ ሰው ጋር እስከ መቼ ትኮራረፋለህ?»

«ሰኞ እንግዶቹ ፊት ምን ልትናገር ነበር?»

«አላውቅም» አለ። ዓይኑ ግን ወደ ኃላፊው በር ሄዶ ተመለሰ።

የፕሮጀክቱ ነርስ ሙሉካ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«በዚህ ሐዘን መሀል ስለ ቦቲ ማውራት ነውር ነው» አለች። «ግን ተሰርቄያለሁ። ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ በባጃጅ ስሄድ ከኖፓ የመጣሁበትን ቦቲዬን ሳላጥብ በረንዳ ላይ ተውኩት። ሴና ውስጥ ሆና ‹ተረከዝሽ ሙሽራዋን ያሳፍራታል› ብላ ስቃብኛለች። ዛሬ ስመጣ ቦቲዬ የለም።»

«በረንዳው ላይ ያለውስ?»

«እሱ የሴና ነው፤ ቀይ ክር። ሁላችንም ከታጁዲን ሱቅ አንድ ዓይነት ስለገዛን እንዳይለዋወጥ ክር አሰርንበት። የኢርሻድ ነጭ ነው፣ የእኔ አረንጓዴ...» ሙሉካ ፊቷን ወደ በረንዳው አዞረች። «ታዲያ ሴና ምን ተጫምታ ወጣች?»

«ይህን ጥያቄ ለማንም አትድገሚው» አለች መስቱራ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ኖፓ ወረደች፤ መኪና የሚገባበት መንገድ ሲያልቅ ቦቲ ተጫምታ ጥቁር አፈር እየረገጠች ጫካውን አቋረጠች። የፎቶውን ባለቤት ኦሊን በጓዳ ውስጥ፣ ከምሰሶ ጋር በሰንሰለት ታስሮ አገኘችው። ፊቱ ከስቷል፤ ያም ሳቅ የለም።

«ለፎቶ ፈታነው» አለ ወንድሙ ቀኖ። «ዶክተሩ ‹መኪናው እዚያ አይደርስም፤ ወደ መንገዱ አውርዱት› አለን። አወረድነው። አቅፎት ፎቶ ተነሣ። ‹መድኃኒቱ ይከተላል› አለ። አልተከተለም። ወንድሜ ሲብስበት ራሱን እሳት ውስጥ እንዳይጥል መልሰን አሰርነው።»

«ከዚያ ወዲህ ማን መጣ?»

«ልጅቷ። በእግሯ። እዚህ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ‹ሰኞ እናገራለሁ› ብላን ሄደች። ተናገረች?»



ማክሰኞ ጧት ሁሉም በቢሮው በረንዳ ተሰበሰቡ። ጅራታ፣ ኢርሻድ፣ ሙሉካና የደብሩ አስተዳዳሪ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ተጂቱ አሁንም ቆመዋል። መስቱራ ሁለቱን ጥንድ ቦቲዎች ከፊታቸው አኖረች።

«ዶክተር፣ ከእነዚህ የሴና የትኛው ነው?»

ጅራታ ጎንበስ ብሎ አያቸው። «ሁለቱም አንድ ናቸው። እንዴት ልለይ እችላለሁ?»

«ኢርሻድ? ሙሉካ?»

ሁለቱም ወደ ቀይ ክሩ አመለከቱ።

«ድልድዩ ላይ የተገኘው አረንጓዴው፣ የሙሉካ ነው» አለች መስቱራ። «ሴና ያን ክር በየቀኑ ታየዋለች፤ የራሷን ትታ የሌላ ሰው አትጫማም። ደግሞም በዚያ ጭቃ በእግሩ የሄደ ቦቲ ሶሉ ቀይ ይሆናል። ይህ ከሙሉካ ጋር ከኖፓ የመጣውን ጥቁር አፈር እንደያዘ ነው፤ በመንገዱ አልተረገጠበትም። ስለዚህ ሴናም ቦቲውም በመኪና ሄደዋል። ሰውየው በሐምሌ በነጠላ ጫማ እስከ ድልድይ የሚሄድ እንደሌለ ስለሚያውቅ፣ ከበረንዳው ቦቲ አነሣ። ግን የየትኛዋን እንዳነሣ አላወቀም። ኢርሻድ ቢሆን ቀዩን ያነሣ ነበር። ሙሉካ የራሷን ቦቲ አትመርጥም። ክሩን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በዚህ ቢሮ ቦቲ ኖሮት የማያውቅ፣ መኪናው በረንዳው ድረስ የምታደርሰው ሰው።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ጅራታ።

«ዛሬ ጧት በፍርድ ቤት ትእዛዝ መኪናዎን ፈትሸናል። ያጠቡት ላዩን ነው። ከኋላ ወንበር ሥር የሴና አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ከምንጣፉ በታችም ደም ተገኝቷል። ኦሊንም አይቼዋለሁ፤ በሰንሰለት ነው። ሴና ሰኞ ልትናገር የነበረው ይህንን ነው።»

ኢርሻድ አንገቱን ደፋ። «ነግራኝ ነበር» አለ። «የእኔን ኮንትራት የሚፈርመው እሱ ነው። ፈራሁ።»

እትዬ ተጂቱ አዩት። «ልጄን ‹ራሷን ገደለች› ሲሏት እያወቅህ ዝም አልክ። ለዚህ ነው የተማርከው?»



የጅራታ ድምፅ ተለወጠ። «ቅዳሜ እዚሁ ለመንኳት። ‹ፈንዱ ይዘጋል፣ ጓደኞችሽ ይበተናሉ› አልኳት። ስንት ወጣት በእኔ ስም ተማረ? በአንድ ኦሊ ምክንያት ሁሉንም ልታፈርሰው ነበር፤ እጄን አነሣሁባት።»

«እሱን ለዳኛው ይንገሩት» አለችና መስቱራ ወደ አስተዳዳሪው ዞረች። «አባ፣ ልጅቷ ተገድላለች። የፖሊስ ቃል ይህ ነው።»

አስተዳዳሪው ከአግዳሚው ተነሡ። «ፍትሐቱ ዛሬ ይደረጋል» አሉ፤ ዝቅ ባለ ድምፅም «ይቅር በሉኝ» ሲሉ ጨመሩ።

ከእሑድ ጀምሮ የቆሙት እትዬ ተጂቱ በዚያን ጊዜ ተቀመጡ።

ሴና በሰማያዊ ቀሚሷ ተቀበረች። «ነፃ አእምሮ» በዚያው ክረምት ተዘጋ፤ የኢርሻድም ኮንትራት አብሮ ተቋረጠ። የኦሊ ፎቶ ከግድግዳው ወረደ፤ ኦሊ ግን ከምሰሶው አልተፈታም። ጅራታ በከባድ የሰው ግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ፤ የሕክምና ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራትም ተፈረደበት።