ላምባና ቀላል አየር

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር፣ የጉና ውርጭ ደብረ ታቦር ላይ በወረደበትና አገር ሁሉ ስለ ኦክስጅን እጥረት በሚያወራበት በዚያ የወረርሽኝ ዘመን፣ የእብናቱ እህልና ላምባ ነጋዴ ሐጂ ኸድር የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ሀናንን ታቅፈው ሆስፒታል ደረሱ፤ ጉሮሮዋ አብጦ ትንፋሽዋ ያፏጭ ነበር።

ዶክተር ፈንታሁን የእብጠቱን መድኃኒት ወጋት፤ ነገር ግን እስኪሠራ ሰዓታት ይፈጃል፤ ልጅቱ ደግሞ እየደከመች ነው። ያን ጊዜ ሲስተር ዓይናለም፣ እሷ በአጠቃቀሟ ሠልጥና ከመጣች ወዲህ ማንም ያልከፈታትን ሲሊንደር እየገፋች መጣች፤ ፊኛ የሚነፋበት ሂሊየም ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ የተሞላባት ነበረች።

«ሐጂ፣ ይህን ጋዝ ትስባለች» አለች። ምነው ይህን ቃል ባላነሣችው!

«ጋዝ?» አሉ ሐጂ ልጃቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው። «ላምባ? የኩራዙን? ወላሂ አላስነካትም!»

እውነታቸውን ነው፤ በሱቃቸው በጄሪካን የሚሸጡት ጋዝ ሌላ ምን ነበር? ዓይናለም በገዛ ምላሷ ተናደደች። የሀናን ከንፈር እየጠቆረ ስለ ነበር ክርክር አልጀመረችም፤ የቅልቅሉን መመርመሪያ ሰክታ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ሠላሳ ከመቶ መሆኑን አየች፤ ከዚያ አንድ ጭምብል በራሷ ፊት ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ ሳበች።

«ይኸው ሳብሁት፣ ሐጂ! ቀላል አየር ነው» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ጫጩት ቀጥኖ።

ሐጂ ክው አሉ፤ በዚያ ጭንቅ መካከልም ሳቅ አመለጣቸው። «ላምባስ እንዲህ አያደርግም! በይ ልጄ፣ አላህ ያግዝሽ።»

ለሀናን አዲስ ጭምብል ተደረገላት። ዶክተር ፈንታሁን የፍሰቱን መለኪያ አይቶ፣ «ስድስት ሊትር ብቻ? ዐሥር አድርጊው እንጂ» አለ።

«የፍሰት መለኪያው የተሠራው ለኦክስጅን ነው፣ ዶክተር፤ ይህ ቀላል ስለ ሆነ ይፈጥናል፤ ስድስት ሲል በእውነት የሚያልፈው ዐሥር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።»

ቀላሉ አየር በጠበበው ጉሮሮ ሾልኮ ገባ፤ ፉጨቱ ረገበ፤ ከንፈሯም ቀላ። ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱ ሲይዝላት ሀናን ቀና ብላ፣ «አባ፣ ራበኝ» አለች፤ እሷም እንደ ጫጩት! ሐጂ እየሳቁ አለቀሱ፤ ክፍሉ በእልልታ ተናጋ።

የዚያ ዘመን መዝገብ የሞተውንና የጎደለውን ቈጥሯል፤ ስለዚያች ሲሊንደር የያዘው ግን «ጋዝ፣ አንድ» የሚል ብቻ ነው፤ የዓይናለም ስም የለበትም። በእብናት ገበያ ግን ጄሪካን ይዞ «ጋዝ ስጡኝ» የሚል ደንበኛ እስከ ዛሬ ሳይታረም አይሄድም።

«ላምባ በል!» ይሉታል ሐጂ ኸድር። «ጋዝስ ልጄን ያተረፈው ነው።»