ሺህ ሲሲ ለሁለት ሰው

«ጋሼ፣ ለስንት ሰው ነው?» አለች መካኒኳ፣ ዘይት የነካ እጇን በጨርቅ እየጠረገች።

«ለሁለት» አለ አባቷ። «ለእኔና ለረዳቴ።»

ረዳት የተባለችው እሷ ናት። አባቷ ሃያ ስድስት ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ስንት ረዳት እንደቀያየረ ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። ይህ ስም ግን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እሷ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። አባቷ ከመንገድ ሲመለስ ያንን ግዙፍ መኪና የኋሊት ወደ ግቢ የምታስገባው እሷ ነበረች። ከኋላ ቆማ «ና... ና... ና...» ትላለች፤ ግንቡ ሲቀርብ የመኪናውን ጎን በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ «በቃ!» ትለዋለች። ያን ጊዜ አባቷ ያስተማራት አንድ ነገር አለ። ሹፌር ከኋላው ያለውን አያይም፤ የሚያይለት ረዳቱ ነው። «በቃ» ከተባለ ይቆማል፤ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ከቆመ በኋላ ነው።

አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ፈተና የጨረሰችው ትናንት ነበር። የሳምንቱ እንቅልፍ ዓይኗ ላይ ተከማችቶ ከቆርቆሮው ጣሪያ በታች የተደረደሩት ሦስት ባጊዎች አንዴ ሦስት፣ አንዴ አራት ይመስሏታል። አራት ወፍራም ጎማ፣ ጎን ለጎን ሁለት ወንበር፣ በመካከለኛው ላይ አራት፣ ከላይ የብረት ቱቦ። በር የላቸው፣ መስኮት የላቸው። ሥራ አይሠሩም፣ ዕቃ አይጭኑም። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ለመዝናናት ብቻ የተሠሩ ናቸው።

አባቷም የወደዳቸው ለዚሁ ነበር። ሐኪሙ የወገቡን ዲስክ አይቶ «ከእንግዲህ ረጅም መንገድ የለም» ያለው ቀን ቤት ገብቶ «ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ዕቃ ስጎትት ኖርኩ፤ አንዴ እንኳ ምንም ሳልጭን ልንዳ» አለ። እናቷ በዚህ አልሳቀችም። ከሥራው ሲሰናበት ከተሰጠው ገንዘብ ላይ ለዚህ የሚሆን አስቀመጠችለት።

«የት ነው የምትነዱት?» አለች መካኒኳ። ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ያላለች ትመስላለች፤ አሮጌ ጎማ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ሐይቁ ዳር ያለው ጥርጊያ ላይ።»

«የአሸዋ ክምር፣ ትልቅ ዳገት አለው?»

«ኧረ የለውም። ሜዳ ነው።»

«እንግዲያው አምስት መቶው ይበቃችኋል። ስምንት መቶው አራት ሰው ይዞ ዳገት ለሚወጣ ነው። ሺሁ ደግሞ...» ትከሻዋን ሰበቀች። «ሺሁ ደሙ ለሚፈላ ጎረምሳ ነው።»

ሲሲ የሞተሩን ስፋት የሚናገር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ጉልበቱም ያድጋል። ይህን የክፍሏ ልጆች በሙሉ ያውቃሉ። የሚያውቁትም እሷ ስለነገረቻቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ለጓደኛዋ ለሬዲዮ «ሺህ ሲሲ ነው የምንገዛው» ብላ ነበር። ሬዲዮ የተባለችው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት የሰማችውን የምሳ ደወል ሳይደወል ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል። ከዚያ ወዲህ መመለሻ አልነበራትም። ቤት ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ «አባዬ፣ አምስት መቶ እኮ የሕፃን መጫወቻ ነው፤ ሙድ ይያዝብናል» ስትለው ከረመች።

አባቷ አየት አደረጋት። እሷ የጫማዋን ክር ተመለከተች።

«ሺሁን እንሞክረው» አለ። «ዳገት ላይ ሞተር ካነሰህ አለቀልህ።»

«የምን ዳገት፣ ጋሼ?» አለች መካኒኳ። እሱ ሳቅ ብሎ ወደ ሺሁ አመራ።

ከመሸጫው ግቢ ጀርባ መሞከሪያ ሜዳ ነበር። የራስ ቁር አደረጉ፣ ቀበቶ አሰሩ፣ አባቷ ነዳጁን ረገጠ። ባጊው ተስፈንጥሮ ሲወጣ ጀርባዋ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ጮኸች። በደስታ ነው የጮኸችው፤ እንቅልፏም ድካሟም ብን ብሎ ጠፋ። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር የክፍሏ ልጆች ሲያዩት የሚሆኑትን አሰበች።

በሁለተኛው ዙር ጎማው ደረቅ ቦይ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ከዚያ ሌላ ቦይ። ዘወር ብላ አባቷን አየችው። አልጮኸም። ትንፋሹን ይዟል። መንጋጋው ጉንጩ ላይ አብጦ ይታያል፤ በእያንዳንዱ ቦይ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይገልጣል። ያን ጊዜ የወገብ መደገፊያው ትዝ አላት። ጠዋት መኝታ ቤቱ በር ጀርባ ተሰቅሎ አይታዋለች። ሆን ብሎ ነው የተወው፤ ሰው ፊት ታጥቆ መታየት አይወድም። አይታ ዝም አለች፤ «ይዘኸው ውጣ» ብትለው ወደ አምስት መቶው ይሄዳል ብላ ፈርታ ነበር።

ሲቆሙ አባቷ ቀስ ብሎ ወረደ። ቱቦውን ተደግፎ የኋላውን ጎማ ይመረምር ጀመር። ጎማው አዲስ ነው፣ የሚመረመር ነገር የለውም። ቤትም ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ እንዲሁ የግድግዳውን ሰዓት ይመረምራል፤ ሕመሙ እስኪያልፍለት።

ስልኳ ነዘረ። የሬዲዮ መልእክት ነው። «እ፣ ሺሁ ተያዘ? ቅዳሜ ሁላችንም እንመጣለን!»

«እንዴት ነው፣ ጋሼ?» አለች መካኒኳ።

«አሪፍ ነው» አለ አባቷ። ከከንፈሩ በላይ ላብ ችፍ ብሏል። «እሱው ነው። አንድ ዙር ልድገምና ወረቀቱን እንጨርሳለን።»

ቱቦውን ይዞ ለመውጣት እግሩን አነሳ። የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነለትም። ዳግመኛ አነሳው።

ስልኩን ኪሷ ከተተች። በመዳፏ ብረቱን ሁለቴ መታችው።

«በቃ!»

አባቷ እግሩን እንዳነሳ ቀጥ አለ። ከዚያ ቀስ አድርጎ መሬት አሳረፈው።

«ምን አለ ከኋላ?» አላት።

ወገብህ ብትለው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ እንደሚወጣ ታውቃለች። ያን ያህል ታውቀዋለች።

«ጭነቱ ስንት ነው?» አለችው።

«የምን ጭነት?»

«እኔ አርባ ስምንት ኪሎ ነኝ። አንተ ሰባ ሁለት። ድምሩ መቶ ሃያ። መንገዱ ሜዳ፣ ዳገት የለም። ለመቶ ሃያ ኪሎ ሺህ ሲሲ የሚያወጣ ሹፌር ምን ይባላል?»

አባቷ አያት። የፊቱ ጡንቻ እየላላ መጣ።

«ጀማሪ» አለ።

መካኒኳ ጎማው ላይ እንደተቀመጠች ከት ብላ ሳቀች። አባቷ ግን አልሳቀም፤ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጆቹስ? ቃል ገብተሽላቸው የለ?»

ጆሮዋ ጋለ። «ማን ነገረህ?»

«ሬዲዮ ናታ። ሰኞ ቤት ደውላ ‹ጋሼ፣ ሺህ ሲሲውን ስትገዙ እኔንም ያንሸራሽሩኛል?› አለችኝ። እሺ አልኳት፣ ምን ልበላት?»

እሱ ስለወደደው ነው፣ እሱም ጉልበት ይወዳል እያለች ራሷን ስታታልል ነበር የከረመችው። ለካ ከሰኞ ጀምሮ ያውቃል። የእሷን ጉራ ተሸክሞ ነው እዚህ የመጣው። አንዴ እንኳ ምንም ሳልጭን ልንዳ ያለው ሰው። እንባዋ መጣ፤ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ዞራ በእጅጌዋ ጠረገችው።

«አምስት መቶውን ያምጡልን» አለቻት ለመካኒኳ።

አምስት መቶው ሲነሳ ድምፁም አያስደነብርም። አባቷ ገብቶ ከመቀመጡ በፊት ሹራቧን አውልቃ አጠፈችና ከወንበሩ ጀርባ፣ ወገቡ በሚያርፍበት በኩል አስገባችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ተደገፈበት፤ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ በረጅሙ ለቀቀው።

እሷም ጎኑ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። «አምስት መቶው ነው። ሺህ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ አይደለም» ብላ ጻፈች። ጣቷ ትንሽ ቆየ። ይህን ለሬዲዮ ከላከች ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ላከችው።

ወዲያው ነዘረ። ደግሞ ነዘረ። ሳታነበው ኪሷ ከተተችና ቀበቶዋን አሰረች።

አባቷ መሪውን ይዞ ይጠብቃል። «ረዳት፣ እንሂድ?»

ዘወር ብላ ከኋላ አየች። ምንም የለም፣ ባዶ ሜዳ ነው።

«ሳበው» አለችው።