የጥቁሩ ውሻ ካልሲ

መርማሪው የሁሉንም ቃል ሲቀበል እሷን ዘለላት። የእንስሳት ክሊኒኩን ዘበኛ እንኳ ጠይቋል። ለተጎዱ ውሾች የእግር ድጋፍ ስትሰፋ ሃያ ዓመት የኖረችውን እትዬ መርፌን ግን፣ «እማማ፣ እርስዎ ይረፉ» ብሎ አለፋት። ማረፍ! የእጇን ሥራ ነፍሰ ገዳይ ካሉት በኋላ ምን ዕረፍት አለ?

ዋናው ሐኪም ከደረጃው ግርጌ ሞቶ ተገኝቷል። ጥቁሩ ውሻ አጠገቡ ቆሟል፤ የጉልበት ድጋፉ ማሰሪያ ለሁለት ተከፍሎ ተንጠልጥሏል። አየሁ የሚለው ረዳት ሐኪሙ ብቻ ነው፦ ማሰሪያው ተበጠሰ፣ ውሻው ተደናቀፈ፣ ሐኪሙን ጠልፎ ጣለው። ክሊኒኩን አብራው የምታስተዳድረው የሟች እህትም ይህን እንደሰማች የእትዬ መርፌን የስፌት ክፍል ቆለፈችው።

እትዬ መርፌ ጓሮ ወጥታ ሽቦው ላይ የተሰጣውን ካልሲ ነካካች። ውሻውን ዳበሰች። ከዚያ እሱኑ አስከትላ፣ ሁሉም ወደተሰበሰቡበት ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች።

«እማማ፣ ሥራ ላይ ነን» አለ መርማሪው።

«እኔስ ጨዋታ ላይ ነኝ? እስቲ ይህን ማሰሪያ እየው። የተበጠሰ ነገር ጫፉ ይንጨባረራል። ይሄስ?»

መርማሪው አገላበጠው። «ቀጥ ያለ ነው። በስለት ተቆርጧል።»

«እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት!» አለ ረዳቱ። «ድጋፉ ከጠዋት ጀምሮ እግሩ ላይ ነበር።»

«ከጠዋት ጀምሮ?» እትዬ መርፌ እዚያው ወደተቀመጠችው ነርስ ዞረች። «ልጄ፣ ከድጋፉ በፊት ምን እናለብሰዋለን?»

«ካልሲ ነዋ፣ እትዬ። ያለሱማ ቆዳውን ይልጠዋል።»

«ያለው አንድ ካልሲ ነው። ጠዋት አጥቤ አስጥቼዋለሁ፤ ሂዱና ንኩት፣ ገና እርጥብ ነው።»

ረዳቱ ሳቀ። «ረስተው ያለ ካልሲ አስረውለታላ! እርጅና ነው።»

«እርጅናውን ለአንተም ያድርስህ። አንተ መርማሪ፣ ጎንበስ በልና ጸጉሩን ገለጥ አድርግ። ግማሽ ቀን ያለ ካልሲ ቢሄድበት ጉልበቱ በቀላ ነበር።»

መርማሪው ተንበረከከ። ቆዳው አልቀላም፤ ጸጉሩ እንኳ አልተኛም።

«እንግዲህ ድጋፉ የታሰረለት ሐኪሙ ከወደቀ በኋላ ነው» አለች። «ያሰረለትም ካልሲ እንደሚያስፈልግ የማያውቅ ሰው። ነርሷ በየቀኑ ታስራለች። ይሄ ረዳት ግን የቀዶ ጥገና ቢላ እንጂ ድጋፍ ነክቶ አያውቅም፤ የጨርቅ ሥራ እያለ ይንቀዋል።»

«ምን በደለኝና ነው የምገድለው?»

«ትናንት የውሻውን ታፋዎች በሜትር ለካሁ። የታመመ እግር ይከሳል። የከሳው ግራው ነው፤ ያንተ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ያለው ግን ቀኙ ላይ ነው። ጤነኛውን ጉልበት ከፍተህ ዝም አልክ! ለዋናው ሐኪም ነገርኩት። ‹ነገ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ፤ የሥራ ፈቃዱንም አስነጥቀዋለሁ› አለኝ።»

መርማሪው የውሻውን ሁለት ታፋዎች በየተራ ጨበጠ። ግራው በእርግጥም ከስቷል። ረዳቱ በሩን አየ፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «ገፋ ነው ያደረግኩት።»

ሲወስዱት የሟች እህት አንገቷን ደፋች። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ...»

«ይቅርታው ይደርሳል። መጀመሪያ ክፍሌን ክፈቺ። ደግሞም ከዛሬ ወዲያ እኔ ሳልለካው ቢላ የሚነካው ውሻ የለም። እሺ በይ፤ እዚሁ፣ ሰው ፊት!»