ከእንሰቱ ውስጥ የቆመልኝ ሰው

ሙያዬ ጥብቅና ነው፣ መንፈስ ምንትስ ሲሉኝ «ምስክር አቅርቡ» ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ አሁንም አመንኩ አልልህም፣ የሆነውን ብቻ ልንገርህ።

በጃንሆይ ዘመን ሶዶ ችሎት ላይ እኔን የሚረታ ጠበቃ አልነበረም፣ ጉራ እንዳይመስልህ፣ የፈለግኸውን ጠይቅ። ሙግት ሲኖርብኝ በዋዜማው ጓሮዬ እንሰቱ መሃል እገባና፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በዱላዬ መሬቱን እየመታሁ የራሴንም የባላጋራዬንም ቃል እናገራለሁ፣ እሱ ምን እንደሚል ቀድሜ ካወቅሁ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ያኔ የያዝኩት የአቶ አንጁሎን ጉዳይ ነበር፣ የቦምቤ ገበሬ ናቸው፣ የአባታቸውን መሬት አንድ ባለጉልበት ሊነጥቃቸው ነው፣ ከተረቱ ከሰባት ልጆች ጋር ሜዳ ላይ መቅረታቸው ነው። እኔም ሃያ ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ፣ እህልም አልወርድልኝ አለ። ባለቤቴ አስቴር «ለሰው ሁሉ ትቆማለህ፣ ላንተስ ማን ይቁምልህ?» ስትለኝ «ወንድ ልጅ በሥራ አይሞትም» እያልኩ እስቅባት ነበር።

በችሎቱ ዋዜማ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይዋ ገና ዳሞታ ተራራ ላይ አለች። በዱላዬ መሬቱን ሁለቴ መትቼ የራሴን ቃል ጨረስኩ፣ የባላጋራዬን ልጀምር ስል ከእንሰቱ ውስጥ ሌላ ዱላ ሁለቴ መታ። ጎረቤት እየቀለደብኝ ነው ብዬ ዞር ዞር አልኩ፣ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም፣ እመነኝ። ከዚያ ረጋ ያለ ድምፅ፣ የገዛ ራሴ ድምፅ፣ «ጌታዬ ዳኛ፣ ይህ ሰው ሃያ ቀን አልተኛም፤ ስለራሱ መናገር አያውቅበትምና እኔ ቆሜለታለሁ፤ ቀጠሮ ይሰጠው» አለ።

ዱላዬን እዚያው ጥዬ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ደክሞኛል፣ ቀጠሮ ይለወጥልኝ» አልኩ። ባላጋራዬ ሳቀ፣ ዳኛው ግን አንድ ሳምንት ሰጡኝ። ሦስት ቀን እንደ ግንድ ተኛሁ። ስነቃ፣ ላቀርበው የነበረውን ጽሑፍ ባነበው የመሬቱን ወሰን ምሥራቁን ምዕራብ ብዬዋለሁ፣ በዚያ ወረቀት ብከራከር ኖሮ የሰውዬውን መሬት በገዛ እጄ አስረክቤ ነበር። አስተካክዬ ቀረብኩ፣ ረታንም። በመርታቴ እኮራለሁ፣ «ደክሞኛል» በማለቴ ደግሞ የበለጠ እኮራለሁ፣ ለወጣት ጠበቆችም ሳላፍር እነግራቸዋለሁ።

ፍርዱ የተሰጠ ቀን አቶ አንጁሎ እጄን ስመው ሲያበቁ ግራ ቀኝ አዩና «ጌታዬ፣ ወንድምዎ አልመጡም?» አሉኝ።

«የቱ ወንድሜ?»

«በመጀመሪያው ቀጠሮ ዋዜማ ልጠይቅዎ መጥቼ በአጥሩ አየኋችሁ እኮ፤ ነጠላችሁ አንድ፣ መልካችሁ አንድ። ሙግት ላይ ስለነበራችሁ ዝም ብዬ ተመለስኩ።»

ወንድም የለኝም።

ዱላዬንም ከጣልኩበት አላገኘሁትም፣ ግን ሥራ በዝቶብኝ ለራሴ እንቅልፍ የነፈግሁ ሰሞን ከጓሮ ሲመታ እሰማዋለሁ፣ ያን ጊዜ ፋይሌን ዘግቼ እተኛለሁ። እስካሁን ሁለቴ እየመታ ነው የሚተወኝ፣ ሦስተኛው ቀጠሮ የሌለው ፍርድ እንዳይሆንብኝ ልሰማው አልፈልግም።